ቀይ መስመር

ቶክቶሱን እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት እሳት አንዳጅ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት የምድጃ ወዳጅ።
የናሪን ወንዝ ዳሩ ረግቶ ድልድዩ ሲነጣ
በባልዲ ከሰል ይዤ ከጎህ በፊት የምመጣ።
ጢስ ነው የማነበው፣ አመድ ነው የምጠርገው፤
ትምህርትን በጆሮዬ፣ ከበር ወዲያ ነው የማውቀው።

ባለፈው መጸው ላይ አንድ ካሚዮን መጣ፤
ከካርቶኑ ሆድ ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ወጣ፤
ጠመኔ የማይሻ፣ በጣት የሚጻፍበት፣
ምድር የምትሽከረከርበት፣ ልብ የሚመታበት።
ዳይሬክተር ካሲምቤክ ከጎኑ ፎቶ ተነሣና
"የልጅ እጅ ቆሻሻ ነው፣ ይቧጨራል" አለና
ሚስቱ የጠለፈችውን ባለ ቀንድ ጥለት ጨርቅ አለበሰው፤
በሩን ሁለቴ ቆልፎ ቁልፉን ከቀበቶው አሰረው።

ሰርጓ እንደተረሳ ሙሽራ
አምስት ወር ተቀመጠ፣ ሳይታይ፣ ሳያበራ።
ከከተማ ንብረት ቆጣሪ ሲመጣ
ጨርቁ ይገለጣል፣
ቁጥሩ ይመዘገባል፣
ጨርቁ ይመለሳል።

መምህርት ቡሩልቻ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፣
ከኦሽ የመጣችው፣ ሰው የማትፈራ፣ ብርድ ፈሪ፣
ቁልፉን ጠየቀችው። "ነገ" አላት። ነገ አለፈ።
ደግማ ጠየቀችው። "በረዶው ይቅለል" አላት። በረዶው ገዘፈ።
ሦስተኛ አልጠየቀችም።
ባልዲዬን አየች፣ ከወገቤ የተንጠለጠለውን አየች፣
"አባባ፣ ይህ ሁሉ ቁልፍ የምን ነው?" አለች።
ለካስ
ሁሉን ክፍል የሚያሞቅ ሰው
የሁሉ ቁልፍ አለው።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰባተኛ ክፍል ገባ።
አምስት ወር እሳት ያላየ ክፍል፣ የልጆች ትንፋሽ እንደ አበባ
ከየአፋቸው ይፈነዳል። ቡሩልቻ ጨርቁን አጠፈች።
ምድጃውን ለኩሼ ልወጣ ስል፣ ባልዲዬን ጨብጬ፣
"ቆይ፣ ያላንተ አይሆንም" አለችኝ፤ ቆምሁ ደንግጬ።

ባቄላ የምታህል፣ ሽቦ ጅራት ያላት ነገር
አስቀመጠች ከምድጃው አንድ ክንድ ርቃ፣ ከወንበር፤
ሰሌዳው ላይ ቀይ መስመር ተጋደመ፤
ከጎኑ "አራት ዲግሪ" የሚል ጽሑፍ ቆመ።

"ጨምር!" አሉኝ ልጆቹ።
አንድ አካፋ ጨመርሁ።
መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ጨመርሁ። ጠበቅሁ።
ከዚያ እንደ ድመት ጀርባ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤
ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት እያለ።
ጓንት ወለቀ፣ ኮፍያ ወለቀ፤
የእኔም ጉሮሮ፣ አልዋሽም፣ ተናነቀ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት በጭስ ማውጫው ሲያመልጥ እንጂ
ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ
አይቼ አላውቅም።

ትንሿ ኡልካን እጇን አወጣች፤ "ሙቀቱ የት ይሄዳል?" ስትል
በሩ ተበረገደ፤
ካሲምቤክ ቆመ፣ ቁልፉን ጨብጦ፣ ጢሙ ላይ በረዶ።
መስመሩ ወረደ።
ልጆቹ ወደ እሱ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ሰሌዳው፤
"ይኸው" አለች ቡሩልቻ፣ "በበሩ ነው የሚሄደው።"
አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ።
ዳይሬክተሩ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልመጣለትም፤
የታጠፈውን ጨርቅ አየ፣ አሥራ ሁለት፣
እኔን አየ፣ አሥር፣
ጣቶቹ የቀሉትን ልጆች አየ፣ ዘጠኝ፣
ከዚያ በሩን ዘጋ።
ከውስጥ።
ኮቱን ሳያወልቅ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤
መስመሩ ሲነሣ፣ አየሁት፣ አንገቱም አብሮ ረዘመ።

የእኛ መንደር መብራት ስንብት አያውቅም፤
አሥራ ስድስት ላይ ጠፋ።
ሰሌዳው ጠቆረ። የምድጃው ድምፅ ብቻ።
ኡልካን ደብተሯን ገለጠች፣ እርሳሷን በምላሷ አራሰች፣
ጉንጯን ወደ ምድጃው አዙራ፣ በቆዳዋ እየለካች
መስመሩን ካቆመበት ወደ ላይ ቀጠለች።

እኔም
መስመሯ እንዳይዋሽ
አንድ አካፋ ጨመርሁ።