ጥፍር የምታህል ክዳን

በርጩማ ጠራቢ ነኝ፣ ሂርማታ ሰፈር፣
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድም፤
ሰው የሚቀመጥበትን እንጂ
ሰው የሚሰጥምበትን ጠርቤ አላውቅም።

ሙዘይን አባ ዲጋ መጣ፣ የዋንዛ ቁራጭ ሊለምን፤
"ስንት ክንድ?" አልኩት። "አንድ ክንድ ከአራት ጣት፣
እርጥብ ግን እንዳይሆን።"
ባሕር ኃይል ነበር ይላሉ፣ የቃፊር ጀልባ ሞተረኛ፤
ለእኛ ግን ቧንቧ ጠጋኝ ነው፣ ቃል ቆጣቢ፣ ዝምተኛ።

ንድፍ የለው፣ ፎቶ የለው፤
የነበረውን በሽሽቱ ጊዜ ቀብሮት ምስጥ በላው።
ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በእንጨቱ ላይ ይነዳል፤
"እዚህ ጋ ትሰፋለች፣" ይላል፣ "እዚህ ጋ ወገቧ ይጎድላል።"
እኔም መላጊያዬን ይዤ ተከተልኩ፣ ዕውር የሚመራው ዓይናማ፤
"ለሜትሩ ሁለት ሳንቲም ነው፤ ፀጉር እንዳትጨምር፣ ስማ!"
ሃያ ስድስት ሜትር ብረት
እንደ አራስ ልጅ ክንዴ ላይ ተኛ።

የዙሪያዋ መከታ የጃንጥላ አጥንት፣
ተራዳዋ የሞተ ሬዲዮ አንቴና፤
የልጄ እስክሪብቶ ነው መትረየሱ፣
የጻፈችበት የስምንተኛን ፈተና።
ግራጫዋን ከነጭ ቀለምና ከባትሪ ድንጋይ ጥቁረት ለወሰ፤
ሦስት ጊዜ ደፋው። "ይሄ የጅማ ሰማይ ነው፤
የሷ ትንሽ ይሞቃል።"

ተወልውላ ስታበራ ደስ አለኝ፤ በርጩማ ብትሆን እሸጣት ነበር።
እሱ ግን ከጣሪያዬ ቆርቆሮ ዝገት ፍቆ በወረቀት ያዘ፣
በሙጫ ለውሶ ከመልሕቋ ቀዳዳ በታች
እንደ ሻይ ጠብታ አንጠባጠበው።
"አዲስ ጀልባ" አለ "ጦርነት አላየችም።"

ከዚያ ወደ ሆዷ ገባ፤ ሁለት ወር ሞተር ክፍል ከረመ፤
ከሰርዲን ቆርቆሮ ሁለት ሞተር፣ ከመዳብ ሽቦ ቧንቧ፣
ከሽንብራ ያነሰች ማንቆርቆሪያ፣
ቁልፍ መፍቻ እንደ ጉንዳን እግር፤
አንዲት በርጩማም አለች፣ ባለ ሦስት እግር።
"ከዚህ ነው ተሸክሜያት የሄድኩት፤
አባትህ ነው የጠረባት።"
"ታዲያ አሁን ማን ያያታል?" አልኩት፣
ወለሉን በኮላ ሲደፍንባት።
"እኔ አይቻታለሁ።"

ሁሉ ነገሯ ደርቋል፤ የሚንቀሳቀስ የላት፣
ከኋላ ወለሏ ላይ አንዲት ክዳን ብቻ ናት፣
ጥፍር የምታህል። ማጠፊያዋን ከመርፌ ቆርጦ፣
ዘጠኝ ጊዜ አፍርሶ ሠራት።

በግንቦት ቦዬ ወሰድናት። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፣
ያየሁት ቦዬን ነው፤ አንዱ ጉማሬ ከቄጤማው ጆሮውን አወዛወዘ።
ወደ ግራ ዘመም አለች። የመላጊያዬ ጥፋት ነው ብዬ አፈርኩ፤
እሱ ግን ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።
"እንዲህ ነበረች! የግራው ታንክ ሁሌ ያፈስ ነበር።"

ስንመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ጀልባዋ ጭኑ ላይ፣
አስፋልቱን እያየ፣ አንዴ ብቻ ነገረኝ።
እሳት ተነሳ አለ። ዝጋ ተባልኩ አለ። ዘጋሁ።
ከታች የቀረውን ስሙን ሊጠራ ሲል
ባጃጁ ጉድጓድ ገባ።

ጅማ እንደምታውቋት ናት፣ ዝናብ አይሰለቻትም፤
መዝጊያው ያብጣል፣ መሳቢያው አይወጣም፤
ዋንዛም ቢሆን እንጨት ነው፣ ይጠጣል።
ዘንድሮ በነሐሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ይሆናል፣
በሩ ተንኳኳ። ሙዘይን ነው፣ በጋቢው ሥር አቅፏት።
"ጣበቀች" አለኝ።

ሌላ አልጠየቅኩም። መብራት ጠፍቷል፤ ሻማ አበራሁ፣
ቀጭኑን ሞረድ ፈለግሁ፣
ከጠርዟ ፀጉር ታህል ፋቅሁላት፣
እፍ አልኩ፣ ደግሜ ፋቅሁ፤
እሱ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

በመርፌ ጫፍ ሲነካት ተከፈተች።
ዘጋት።
ከፈታት።
እንደተከፈተች አቅፏት ሄደ፤
ሞረዱን ከመሣሪያ ሣጥኑ አልመለስኩትም፣
ትራሴ ሥር አኖርኩት፤
መስከረም ገና ነው፣ ሰማዩም አልጠገበም።