የገላን ሚዛን

ገላን ዳር፣ ከጅቡቲ የመጣ ሁሉ በጉተማ ሚዛን ያልፋል፤
የሻንጋይ ብረት፣ የሙምባይ ጨርቅ፣
ከአንካራ ደግሞ በሸራ የታሰረ ረጅም ሣጥን፣
«ምንድን ነው?» የማይባል፣ ማኅተሙ ብቻ የሚታይ።
የላከውን ማን መረጠው? መረጠውስ ወይ?
ሚዛን እንዲህ አይጠይቅም፤
ቀዩ ቁጥር ይበራል፤ አርባ ቶን፤ እለፍ።

ንጋት ላይ አንድ ፒካፕ ቆመ፤
አምስት ባዶ ኮሮጆ፣ ለዱከም ምርጫ።
«ይሄም ይመዘናል?» ሾፌሩ ሳቀ።
«ሕግ ነው፤ ውጣ።»

ማታ ኮሮጆዎቹ ሞልተው ሲመለሱ፣ ያው ቁጥር፤
አንዲት ኪሎ አልጨመረም።
የሰማንያ ቶን ሚዛን ወረቀት አያውቅም።

ጉተማ ቀለም የነካ ጣቱን በሱሪው ጠረገ፤
አልለቀቀም።
ደብተሩን ሳበና፣ ከቁጥሩ ጎን፣ በእርሳስ፣
«ጭነት አለው» ብሎ ጻፈ።