መጽሐፍ አታሚው

ጧት አንድ ሰዓት ላይ፣ ወጥመድ እከፍታለሁ፤
የሌሊቱን ሙታን፣ በብልቃጥ እሰፍራለሁ።
አንድ ሚሊ ሊትር ቢሉ፣ አርባ ጥንዚዛ ነው፤
ሦስት መቶ ብዬ ብጽፍ፣ ቢሮ ማን ሊያምነው?
ከጥቁሩ ሳጥን ውስጥ፣ ያንጠለጠልኩት ሽታ
«ኑ፣ ድግስ አለ» ይላል፣ ከጧት እስከ ማታ።
የወንዱ ጥሪ ነው፣ በፋብሪካ የተሠራ፤
እኔም ደላላ ነኝ፣ በሐሰት የምጠራ።

ሐምሌ ነው። ከይህላቫ ማዶ፣ ከቪሶቺና ጫፍ፣
ድርቁ ሦስተኛ ዓመቱ፤ ጅረቱ የድንጋይ አፍ።
ጥድ ውኃ ካጣ ሙጫ የለው፣
ሙጫ ካጣ ጋሻ የለው፤
ያኔ ይደርሳል እሱ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህለው፤
ጀርመኖች ጎረቤቶቻችን «መጽሐፍ አታሚ» የሚሉት፣
ቅርፊት ገልጠው ያዩ ለታ፣ በጽሕፈቱ የሰየሙት።
መሐል ላይ የእናት መንገድ፣ ቀጥ ያለ እንደ ዓምድ፣
ግራና ቀኙን የልጆች፣ እየሰፋ የሚሄድ፤
እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መስመር እየበላ ይጽፋል፣
የወንድሙን አይነካም፤ በጨዋ ደንብ ይሰለፋል።
አሥራ አንድ ዓመት አነበብኩት፣
አንድም የተሰረዘ ቃል አላገኘሁበት።

ማክሰኞ ከቦሁሚር ደጅ ደረስኩ።
ሰማንያ አራት ዓመቱ፤ አንድ ዓይኑን ሞራ የጋረደው፤
ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጥድ፣ አያቱ ነው የተከለው።
«ፈረሱን በሸጠ ዓመት፣ ለቤቱ ጥላ እንዲሆን።
እህቴ ሉድሚላ ዥዋዥዌ የተጫወተችበትን
ቅርንጫፍ እዪ» አለኝ።
የገመዱ ጠባሳ፣ ከቅርንጫፉ ወገብ ላይ አለ።
ቀና አልኩ፦ አረንጓዴ፤
ጫፉ ድረስ አረንጓዴ፤
አንድ ቅጠል የማይነቀፍ፣ ሙሽራ የመሰለ።

ከዚያ ተንበረከክሁ።
ከሥሩ፣ በሸረሪት ድር ላይ፣ ቡናማ ብናኝ፣
እንደ ሱረት የላመ።
ጣቴ ላይ ቀረ፤ ሙቀት ያለው መሰለኝ።

«አረንጓዴ ነው እኮ!» አለኝ፣ ከኋላዬ ቆሞ።
አረንጓዴማ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።
ሞቷል አስቀድሞ፤
መርዶው ግን እግሩን ይጎትታል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ድረስ
ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል።
እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁ፣
ብርቱካናማ ቀለም የያዝኩ መርዶ ነጋሪ።
ጣሳውን ነቀነቅሁ፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ተንኳኳች፤
ያቺ ድምፅ እስከ ዛሬ፣ በሕልሜ ትመጣለች።

«ቆይ» አለ። «መጀመሪያ አሳዪኝ።»
በመላጫዬ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ገለጥሁ፤
እርጥብ ነበር፣ ትኩስ ቁስል።
አንድ ዓምድ፣ ሃያ መስመር፣
በየመስመሩ ጫፍ አንዳንድ ነጭ ትል።
ሽማግሌው ደህናውን ዓይኑን አስጠጋ፤
ጣቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፣ እንደለመደው።
ይህላቫ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት
የእርሳስ ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው ነው፤
ዓለምን ገልብጦ ያነብባል።
ብዙ ቆየ።
«ጥሩ ሠራተኛ ነው» አለ። «ኅዳጉን ጠብቋል።»

ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ልጆቹ እስኪበርሩ፣ ስንት ቀን?»
«ከቀናን፣ አሥር።»
«ሲበርሩስ፣ ወዴት ነው?»
በአጥሩ ማዶ ያለውን የዝደነክን ጫካ አሳየሁት።
«ከዝደነክ ጋር» አለ፣ «አርባ ዓመት አልተነጋገርንም።»
ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።
«ቁረጡት።»

ሐሙስ ወደቀ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤
የዝደነክ ውሻ ጮኸ፤ ዝደነክ ራሱ
አጥሩ ድረስ መጥቶ ቆመ፣ ምንም ሳይል።
ቅርፊቱን ልጠን ከረጢት ሞላን።
አንዷን ቁራጭ ቦሁሚር ከከረጢቱ አውጥቶ
«ይቺ ባዶ ናት፣ ዓይቼያለሁ» ብሎ ኪሱ ከተተ።
ደንቡ አይፈቅድም። ወደ ሌላ ጎን ዞርኩ።

ማታ ቤቴ ጫማዬን ሳራግፍ፣ አንዱ ወደቀ፤
ተገለበጠ፣ ተነሣ፣
በጠረጴዛው እግር ሽቅብ ወጣ።
ጠረጴዛው ጥድ ነው፣ ቫርኒሽ የጠጣ፤
ቀመሰው፤ ተወው፤ እንደገና ቀመሰው።
ብርጭቆ ደፋሁበት።
መዝገቡን ከፍቼ ብዕር ይዤ ተቀመጥሁ፤
ለአንድ ጥንዚዛ የሚሆን ዓምድ የለውም።
እሱ በመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያውን ሲሄድ፣
እኔም ሳልጽፈው፣ መሸ።