ይላላል? ይጠብቃል?

አንለይ ነው ስሙ፤ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ፣
ፊደል ሲያንበለብል በረዶ ይመስላል ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ።
ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ድረስ፣ ትንፋሽ ሳይሰበስብ
ይዘልቃል በዜማ፤ የሰማው ሁሉ ይላል «ይህ ልጅማ ሲያነብ!»
እኔ ግን አንዲቷን ከመሀል ነጥዬ፣
ጠመኔ አስነክቼ «ይቺስ ማን ናት?» ብዬ
ስጠይቀው ይቆማል፤ ጣቱን ያፍተለትላል፤
«ከሀ ልጀምር ቲቸር?» ይላል።

ታኅሣሥ ነው። በአዘዞ መንገድ ባጃጅ ይንጫጫል።
«ደብተር ክደኑ» አልሁ፤ ሰሌዳ ጠረግሁ፤
ጠመኔዬን ሳይቀር ኪሴ ውስጥ ሸሸግሁ።
ስድሳ ሦስት ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው
(ሁለቱ አጭበርብረው፣ በጣት መሀል አይተው)
ጆሮ ብቻ ቀረን።

«ጎንደር ስንት ናት በጭብጨባ?»
እንጉዳይ አራት መታች፣ ፊደሉን አስባ፤
አንለይ ግን ሁለት፤ «ጎን» ብሎ፣ «ደር» ብሎ፣
የገዛ ስሙንም እንደዚያው አክሎ፦
«አን»። «ለይ»።

«መዳፍ ወደ አፍ» አልሁ፤ «በሉ ተ፤ በሉ ጠ፤
ከየትኛው ድምፅ ላይ ነፋስ አመለጠ?»
«ተ ትንፋሽ አላት» አለች እንጉዳይ፣ «ጠ ግን ጠጠር ናት።»
ደስታዬን ደብቄ፣ እንደ ተራ መልስ «ጎበዝ» አልኋት።

ከዚያ ጠመኔውን ከኪሴ አወጣሁ፤
«ዋና»ን እንደ እርጥብ ልብስ ሰሌዳ ላይ ሰጣሁ።
ሁለት ፊደል ብቻ። አንለይ ቀድሞ አየና
(ከሀ ሳይጀምር!) ላላ አድርጎ «ዋና»።
ቀሃን ያውቀዋላ! ገንዳው ለጥምቀት ሲሞላ
ከነሱሪው ዘሏል፣ ከታላቁ ኋላ።
እንጉዳይ ጠበቅ አርጋ «ዋና በር ነው!» አለች፤
ፊደል ዳኛ አልሆነች፤ ዝም ብላ ቆየች።
«መላላት፣ መጥበቁ አይጻፍም» አልኋቸው፤
«ቃላት ሲመስሏችሁ፣ ጆሯችሁ ይያቸው።»

«ሌላ አምጡ» ብል ጊዜ እጅ በእጅ ሆነ ክፍሉ፤
«ገና ገና ነው!» ብለው ሳቁ፤
ደግመው ሳቁ፣ «ገና ገና ነው» እያሉ።

አንለይ ሳይስቅ ተነሣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣
«እኔም አለኝ፤ አባቴ አለ» ብሎ
ተቀመጠ።

ጎንበስ አልሁ ወደሱ። ድገመው አላልሁም።
አለ? ምን አለ? ወይስ አለ፤ ካለስ የት?
እኔ፣ የጆሮ መምህር፣ እኔው አልሰማሁም።
ላልቶ ነው? ጠብቆ ነው? ከከንፈሩ ላይ ቀለለ፤
ቀና ብሎ ሲያየኝ
ደወሉ ተደወለ።