ልክ

አሻንጉሊቴ ወድቆ አንገቱ ቢሰበር
ኪራንን አቆምሁት ከፒያሳው ሱቅ በር።
የህንዱ መምህር ልጅ፣ እናቱ የቸቸላ፤
ኮት ለብሶ ሲገተር፣ ጉድ ባዩ ከኋላ፣
ገሚሱ «ያ ህንዱ»፣ ገሚሱ «ያ ክልስ»፤
እሱ ዝንብ ቢያርፍበት ቅንድቡ አይላወስ።
ቀን በሃያ ብር ነው፣ ምሳውም በኔ፤
ካላንደር ላይ ወጣ፣ አየሁት በዓይኔ፣
ሙሽራ ሆኖ፣ ሙሽሪት የሌለችው።

«ፊልም ልሠራ ነው» ቢል ሰፈሩ ሳቀበት፦
«ልክህን እወቅ እንጂ!» አሉት በየቤት።
ልኩንማ እኔ አውቃለሁ፣ ደብተሬ ላይ አለ፦
ትከሻ አርባ ስድስት። ሌላ ልክ የታለ?

መጀመሪያ የሰጡት የባለሱቅ ሚና፣
የሚሞት በጥይት፣ ፊልሙ ሳይሞቅ ገና።
«የጎንደር አማርኛህን ሰባብረው» አሉት፣
ያን፣ አፉን የፈታበት።
ሰበረው።
እናቱ ሳምንት አኮረፈች።

ዘንድሮ፣ ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ፣
መሪ ተዋናይ ሆኖ መጣ፤
«ክልስ» ያለው ሁሉ «ልጃችን!» እያለ
ከወንበሩ ተነሣ።
ያጨበጭባሉ። እኔ ጨለማው ውስጥ፣
ሜትሬ አንገቴ ላይ እንዳለ፣
ዓይኔ ከግራ እጁ አልነቀል አለ፦
እጅጌው ሁለት ጣት ረዝሟል።
ማነው የለካው?