ሰባት ጠጠር

ከወረታ መጣ፣ አማቴ እንየው፣
ግማሽ ኩንታል ሩዝ ነው ያጎበጠው።
«ከማሳዬ ነው» አለ፣ «ድንጋይ የለውም»፤
(ድንጋይስ ነበረው፤ ለሱ አልነገርኩም።)
እናቴ ጆንያውን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፤
«ሩዝ እኮ የታመመ ሰው ነው የሚበላው» አለች።

ደብሬ ሆስፒታል ናት፣ የሌሊት ተረኛ፤
ማድቤቱ ለኔና ለናሁሰናይ ቀረ፣
አንድ ቢላ፣ ሁለት ሞኛሞኝ፣ ከነወሬኛ።

ቅዳሜ ገበያ ጧት ወርደን ነበር፤
ካሮቱ ከነአፈሩ፣ ቅጠሉ ያልደረቀ፣
ፎሶሊያው ሲሰብሩት «ቀጭ» ብሎ የሳቀ።
ቃሪያውን ሻጯ መርቃ ጨመረች፣
«ለልጁ አያቃጥልም» ብላ እየዋሸች።

ሰፌድ ላይ በትኜ ለቀማ ጀመርኩ፤
ሰባት ጠጠር ወጣ፣
እናቴ ሳታየኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።
ከዚያ አጠብኩት፤
የመጀመሪያው ውሃ ነጣ እንደ አሬራ፣
ሁለተኛው ሳሳ፣
ሦስተኛው ላይ መዳፌ ታየኝ፣ ውሃው ጠራ።

ሽንኩርቱን ስከትፍ ልጄ አየኝና፣
«አባዬ፣ ማን ሞተ?» አለኝ ሊያጽናና።

ዘይቱ ሲንጣጣ ነጭ ሽንኩርት ጣልኩበት፣
ዝንጅብል፣ ትንሽ እርድ፣ ካሮት አስከተልኩበት፤
ፎሶሊያውን ጨምሬ፣ ሩዙን አጥልዬ አብሬ ቆላሁት፤
ደብሬ «አንድ ለሁለት» ያለችውን ውሃ
በስኒ ሰፍሬ፣ በጣቴ ቆጠርኩት።

ከደንኩት። ወዲያው መብራት ሄደብን፤
ሳሙና በር ሁሉ ጨለማ ሆነብን።
እናቴ ሳትናገር ከሰል አያያዘች፤
ያን የበሽተኛ ምግብ ያለችውን ድስት
በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አሸጋገረች።

ጠበቅን።
ክዳን የሚከፍት የለም፣ ሕጉ ይኸው ነው፤
ሩዝ እንደ ሐሜት ነው፣
ባማሰሉት ቁጥር የሚላቁጠው።

በስልኬ ባትሪ ከፈትነው፤
እንፋሎቱ ፊታችንን መታው።
ቃሪያውን በጥሬው ከላይ በተንኩበት፣
ከምስር ወጡ ጎን በማንኪያ ቆለልኩት።
እናቴ ቀመሰች። ዝም አለች። ደገመች።
«ጨው ያንሰዋል» አለች፣
ለሦስተኛ ጊዜ እየዛቀች።

ንጋት ላይ ደብሬ ገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ
ድስቱን ታቅፋ፣ ስሩ ያረረውን ስትፈቀፍቅ፣
«ቀጭ» አለ ጥርሷ።
የፎሶሊያ ሳቅ አልነበረም።

ስምንተኛው።

መዳፏ ላይ ተፋችው፣ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችው፤
«የአባቴ ማሳ» አለች።
ልትጥለው ነው ስል፣
ነጭ ጋወኗ ኪስ ውስጥ ቀስ ብላ ከተተችው።