ያልተባለ ሲደመር አንድ

በካርድላ ከተማ፣ ባሕሩ ሲረጋ በበረዶ፣
ቲዩ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ አንድ መስኮት፣ ባዶ።
ባዶ እንኳ አይባልም፤ ውኃ አለ፣ ሰማያዊ ቀለም፣
ወደብ አለ፣ ደወል አለ፣
ጀልባዋ ግን የለም።

ኡርማስ ነበር የሠራት፣ የሒሳብ መምህሩ፣
ክፍልፋይ እየፈሩ ከትምህርት ቤት ለሚቀሩ።
መልስ ሲገኝ ጀልባዋ ፖስታ ጭና ትሄዳለች፣
መልስ ሲጠፋ ቆማ ትጠብቃለች።
በሁለት ሺህ ሦስት ክረምት፣ ማታ ማታ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣
ሚስቱ «ተኛ» ስትለው፣ «አንዴ» እያለ፣ በአንድ ጣቱ።

ማጫወቻው ሞተ። ዓመት ቆይቶ ኡርማስ።
ኬርሊ ልጁ ዲስኩን አመጣች፣
በአባቷ ጓንት ሸሽጋ፣ ብርድ እንዳይነካው እስኪደርስ።
«ይሠራል?» ብላ ጠየቀች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።
«እንጃ» አለቻት፤ ቲዩ ተስፋ ማበደር አታውቅ።

አስመሳይ ነው የምትሠራው። በእኛ አፍ ቃሉ ስድብ ነው፤
ለእሷ ግን ደሞዝ የሌለው የሌሊት ሙያዋ ነው፦
የሞተ ማሽን ንግግር፣ በአዲስ ማሽን ጉሮሮ፣
ሳሉን ሳያስቀሩ፣
መንተባተቡን ጨምሮ።

ሦስት ሌሊት ፈተሸችው፣ መስመር በመስመር።
የኡርማስ ትእዛዝ ይላል፦ «ጀልባ ላይ አንድ ጨምር።»
በስንት ላይ? ከየት ጀምራ? የትም ቦታ አልጻፈላት፤
መነሻዋን ሳይነግራት ነው ወደ ባሕር የገፋት።

አዲሱ ማሽን ሐቀኛ ነው፦ «ያልተባለ ሲደመር አንድ?
ቁጥር አይደለም» ይላል፤ ይዘጋል ያንን መንገድ።
ቁጥር ባልሆነ ስፍራ ላይ ጀልባ እንዴት ትሳላለች?
የለችም አይባል፣ አለች፤
አለች አይባል፣ የት አለች?

የድሮው ግን ገራገር ነው፤ ያልተነገረውን ሁሉ
«ዜሮ ይሁን» ብሎ ያልፈዋል፣ በዚያ በየዋህ ቃሉ።
ትልቁን ፊደል ከትንሹ ለይቶ ማየት አይችል፤
በጸሎቱ ጸ ብንጽፋት ፀሐይ መች ሙቀቷ ይጎድል!

ቀላል መንገድ ነበረ፦ ከኡርማስ ጽሑፍ ገብታ
«ጀልባ ዜሮ ናት» ማለት። አንዲት መስመር፣ አንዲት ማታ።
ጣቷን አነሣች። መለሰች።
«መምህር ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለራሷ፤
«ቀዩ እስክሪብቶ የእሱ ነው።»

ስለዚህ አስመሳዩን መሳሳት አስተማረችው፤
ስድስተኛ እትም ከመጣ፣ ባዶውን ዜሮ እንዲለው፣
ከሰባት ወዲህ ከመጣ፣ በሩን ዘግቶ እንዲመልሰው።

አሥራ አራት ፈተና ወደቀ።
ትናንት ሲደንስ ያደረ ዶሮ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ደረቀ፤
የአንዱ ሰርግ ጥሪ ጽጌረዳ ወደ ሰማይ ዘነበ፤
አንድ ሰዓት ቆጣሪ ከዜሮ በታች ወርዶ አነበበ።
ሹራብ ነው ይህ ሥራ፤ ክሩን እዚህ ሲስቡት
እጅጌው እዚያ ያጥራል። እስከ ሐሙስ ስትተክበት
ሁለት ቀረ። ሁለቱን ለሌላ ሌሊት አቆየች።

ቅዳሜ ኬርሊ መጣች። «ሦስት አራተኛ» ብላ ጻፈች።
ደወሉ ጮኸ።
ከየትም ተነሥታ፣ ጀልባዋ አንድ ሄደች፣
አንድ፣
አንድ፣
እየተንተባተበች።

ማዶ ስትደርስ «ነጥብ» የሚል ወጣ፤ ከጎኑ ምንም የለ።
ቲዩ ወንበሯን ሳበች፦ «ይኸው ደግሞ፣ ሌላ ያልተባለ!»
«ተዪው» አለች ኬርሊ፣ «ድሮም ባዶ ነበር።
‹ስንት አመጣሁ?› ስለው አባቴን፣
‹ተሻግረሽ የለም እንዴ?› ብሎኝ ይሄድ ነበር።»

ቲዩ አላረመችም። አዲስ ፈተና ጻፈች፣
ስሙን «ኡርማስ» አለችው፣ ከሥሩ አንድ መስመር፦
የሚጠበቀው ውጤት፣ «  »።